ሳይለካና ሳያሰላ ብሎን የማይፈታ ኤሌክትሪሺያን

ይህን የምጽፈው አንድ ኤሌክትሪሺያን ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ የታመነ ባለሙያ ለምትፈልጉ ልጠቁማችሁ።

የእናቴ ቤት የውሃ ማሞቂያ ደክሞ ነበር። ውሃው መሞቁን ይሞቃል፣ ግን ከበፊቱ ብዙ ይቆያል። ማሞቂያው ሲበራ ደግሞ ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ለብ ይላል። ቀደም ብሎ ያየው ባለሙያ «ውስጡ አልቋል፣ ይቀየር» ብሎ ሄደ። ምንም አልለካም።

ይኼኛው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ማሞቂያው ላይ የተለጠፈችውን ጽሁፍ ነው። 220 ቮልት፣ 2200 ዋት ትላለች። ደብተር አወጣና ጻፈ። 2200 ሲካፈል ለ220፣ 10 አምፔር። 220 ሲካፈል ለ10፣ 22 ኦም። ገና አንድ ብሎን ሳይነካ፣ ጤነኛ ማሞቂያ ስንት አምፔር መሳብ እንዳለበትና ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚገታበት መጠን) ስንት ኦም መሆን እንዳለበት አወቀ ማለት ነው።

ከዚያ ማሞቂያውን አብርቶ ለካ። ብሬከሩ ጋ 220 ቮልት አለ። ማሞቂያው ጋ ሲደርስ ግን 198 ብቻ። ከረንቱን በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን ዙሪያውን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ፣ ሲያየው 9 አምፔር ነው። ክላምፑን ሲያስገባ አንዱን ሽቦ ብቻ ለይቶ ነው የያዘው። ሁለቱን አንድ ላይ ብንይዛቸው የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጠፋፋሉ፣ ንባቡም ዜሮ ይሆናል አለኝ።

198ን ለ9 አካፈለ። 22 ኦም! ቅድም ደብተሩ ላይ ከጻፈው ጋር ልክ ገጠመ። ወደ እናቴ ዞሮ «ማዘር፣ ማሞቂያዎ ደህና ነው። ችግሩ መንገድ ላይ ነው» አላት። እሷ ለአዲስ ማሞቂያ ወጪ ተዘጋጅታ ነበርና ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም።

የጠፋው 22 ቮልት የት ገባ? እዚህ ላይ ነው የልጁን ብቃት ያየሁት። 22 ቮልትን በ9 አምፔር አባዛና 198 ዋት አገኘ። ይህ ሁሉ ኃይል ውሃውን ማሞቁ ቀርቶ በመስመሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል ግድግዳ ውስጥ እየበራ እንደማለት ነው። እሳት የሚነሳው እንዲህ ካለው ነገር ነው፤ ይኼን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ማሞቂያው ራሱ ደግሞ 198 በ9፣ ማለትም 1782 ዋት ብቻ ነው የሚያገኘው። ልብ በሉ፣ ቮልቱ የቀነሰው በአስር በመቶ ነው። ኃይሉ ግን በ19 በመቶ ወርዷል። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ስለሚወርድ ኪሳራው በሁለቱም በኩል ነው።

ብሬከሩን አጠፋ። ጠፍቷል ብሎ ግን እጁን አልሰደደም። ሽቦው ላይ በሜትር አረጋግጦ ነው ማከፋፈያ ሳጥኑን የከፈተው። ውስጡን አሳየኝ። የማያያዣው ብሎን ላልቷል። የሽቦው ልባስ ጠቁሮ ሲነኩት ይፈረፈራል። የተቃጠለውን እስከ ንጹሁ መዳብ ድረስ ቆርጦ ጣለ፣ ማያያዣውን በአዲስ ቀየረ፣ ብሎኑን አጠበቀ።

ማሞቂያው ጋ መልሶ ሲለካ 218 ቮልት፣ 9.9 አምፔር። በመስመሩ ላይ የሚባክነው ወደ 20 ዋት ወረደ።

የተጠቀመበት ሕግ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ነው። ቮልትን ለአምፔር ማካፈል ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ብልሽት ሲያጋልጥ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሌላው የወደድኩት፣ ሂሳቡ የት እንደማይሠራም ያውቃል። ፍሪጁንም እንዲህ አስላልን ስለው፣ ሞተር ያለበት ዕቃ ሌላ ነው አለ። እዚያ ቮልትና አምፔር አባዝተህ ትክክለኛውን ዋት አታገኝም፣ ፓወር ፋክተር የሚባል፣ ከብዜቱ ምን ያህሉ እውነተኛ ዋት እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ይገባበታል። ባለ ክር አምፖልም የራሱ ጠባይ አለው። 220 ቮልት ላይ 100 ዋት የሚፈጅ አምፖል ሲበራ 484 ኦም ነው። አጥፍተን ቀዝቅዞ ብንለካው ግን የዚያን አንድ አስረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራላ። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ አልተሰላቸም። ደብተሩ ላይ የጻፈውንም ቀዶ ሰጠኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴም ስትመርቅህ ነው የዋለችው።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ዕቃው ላይ የተለጠፈችውን ጽሁፍ ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሷን ነው። ሶኬት ወይም ግድግዳ የሚሞቅባችሁ፣ የተቃጠለ ነገር የሚሸታችሁ ካላችሁ ደግሞ እሱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ብሬከሩን አሁኑኑ አጥፉት።