ኦንላይን ለማስጠናት ምን ልግዛ? ፓድ፣ ታብሌት ወይስ አይፓድ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ኦንላይን ማስጠናት ልጀምር ነው፣ ምን ልግዛ?» አንዳንዶቹ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ናቸው። ቅዳሜ ማታ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ላሉ ልጆች አማርኛ የሚያስተምሩ ጓደኞቼም አሉበት። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈውና ይለቅልኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ላፕቶፕ ካላችሁ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ትንሽ የመጻፊያ ፓድ ግዙ። ብዕሩ አብሮት የሚመጣ፣ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ የራሱ ስክሪን የሌለው ጠፍጣፋ ጥቁር ሰሌዳ ማለቴ ነው። እሱ ላይ የጻፋችሁት ላፕቶፑ ላይ ይታያል። ተማሪው ደግሞ የላፕቶፑን ስክሪን ያያል። ተፎካካሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ወረቀት ላይ ያነጣጠረ ስልክ፣ ብዕር ያለው አንድሮይድ ታብሌት እና አይፓድ።

ከዋጋ እንጀምር። ዋኮም የሚባለው የጃፓን ኩባንያ «ዋን ባይ ዋኮም» የተሰኘችውን ትንሿን ፓድ አሜሪካ ውስጥ በ60 ዶላር ገደማ ሲሸጣት ቆይቷል። የቻይናዎቹ ሁዮንና ኤክስፒ ፔን ከዚያም ያነሱ አሏቸው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 350 ዶላር ነበር፣ ብዕሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው። መደበኛው አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣ 349 ዶላር ነበር። የእሱ ብዕር ግን ለብቻው ይገዛል፣ ርካሹ የአፕል ብዕር 79 ዶላር። ሲደመር 428።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ሒሳብ ፓዷ 3,400 ብር፣ አይፓዱ ከነብዕሩ 24,400 ብር ገደማ ይወጣ ነበር። አሁን ለስሌት እንዲቀለን ዶላሩን 150 ብር እንበለው። ፓዷ 9,000 ብር፣ ሳምሰንጉ 52,500፣ አይፓዱ ከነብዕሩ 64,200 ይሆናል። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። በፓዷና በአይፓዱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ 55,200 ብር ነው። ይህን ገንዘብ በሰዓት ለምትጠይቁት ክፍያ አካፍሉት። ስንት ሰዓት አስጠንታችሁ እንደምትመልሱት ስታዩ ነገሩ ይገባችኋል።

«እኔ ስልክ አለኝ፣ መቆሚያ ገዝቼ ወረቀት ላይ አነጣጥረዋለሁ፣ ምንም አላወጣም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለአንድ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ለቋሚ ሥራ ግን ርካሽ የሚመስለው ውዱ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ዋጋውን በየወሩ በዳታ ትከፍሉታላችሁ። ዙም ራሱ ባወጣው መመሪያ ላይ ለሁለት ሰዎች ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ይፈልጋል። ስክሪን ብቻ ለማጋራት ከ50 እስከ 75 ኪሎቢት፣ ለድምፅ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃል። ወደ ሰዓት እንቀይረው። ወረቀቱን በካሜራ ስታሳዩ ከእናንተ የሚወጣው ብቻ በሰዓት 270 ሜጋባይት ነው። በፓድ ጽፋችሁ ስክሪን ስታጋሩ፣ ካሜራው ጠፍቶ፣ ድምፁን ጨምሮ 70 ሜጋባይት ገደማ። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚያስጠና ሰው በወር አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ለካሜራው 3.2 ጊጋባይት፣ ለፓዱ 840 ሜጋባይት። የተማሪው ካሜራም ከተከፈተ የመጀመሪያው እጥፍ ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮምም ግዙ ሳፋሪኮም፣ ጥቅሉ ያው ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው።

ዳታው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ኔትወርክ ሲዳከም መጀመሪያ የሚደበዝዘው ቪዲዮ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ትንሽ የሒሳብ ቁጥር ሲደበዝዝ 3 እና 8 አይለዩም። ስክሪን ሲጋራ ግን መስመሩ ትንሽ ቢዘገይም ጠርቶ ይደርሳል። መብራት ሲጠፋና ዋይፋዩ አብሮ ሲሄድ በስልክ ሆትስፖት ትቀጥላላችሁ። ስልኩ ራሱ ካሜራ ከሆነ ግን ዳታውንም፣ ባትሪውንም፣ ምስሉንም አንድ ዕቃ ተሸከመው ማለት ነው። በዚህ ላይ መሐል ላይ ስልክ ይደወላል።

አሁን ወደ ታብሌት። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሱቅ ገብቶ «ብዕር ያለው ታብሌት» ብሎ ጠየቀ። 512 ጊጋ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ስሙ የታወቀ ብራንድ የሚመስል፣ ኪቦርድና ብዕር አብሮ የታሸገ ዕቃ ሰጡት። ዋጋውም ያጓጓል። ብዕሩን ያየሁት ቤቱ ሄጄ ነው። ጫፉ ላስቲክ ነው። «ሌ» ብሎ ጻፈ። የሃምሱ ቀለበት ወይ ትዘጋና ነጥብ ትሆናለች፣ ወይ ጭራሽ አትወጣም። እጁን ስክሪኑ ላይ ሲያሳርፍ ገጹ ይሸሻል፣ መዳፉ ያረፈበት ቦታ ላይ ጭረት ይሠራል። እጁን አየር ላይ ሰቅሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊደል ማስተማር ነበረበት። 512 ጊጋ የተባለውም ፋይል ሲጫንበት ቶሎ ሞላ። ሱቁም «ተከፍቷል» ብሎ አልመለሰለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላስቲክ ጫፍ ያለው ብዕር ለስክሪኑ ጣት ነው። ስክሪኑ ብዕሩን ከመዳፋችሁ አይለይም። እውነተኛው የሳምሰንግ ኤስ ፔን ግን በመግነጢስ ነው የሚሠራው፣ የዋኮም ቴክኖሎጂ ነው። ስክሪኑ ብዕሩን ለብቻው ስለሚያውቀው እጃችሁን አሳርፋችሁ እንደ ደብተር ትጽፋላችሁ። የታብ ኤስ6 ላይት ብዕር ባትሪ እንኳን የለውም፣ ቻርጅ አይፈልግም።

መለያው ቀላል ነው። ብዕሩን ስክሪኑ ሳትነኩ ጠጋ አድርጉት። ትንሽ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ ብዕሩን ከተከተለች እውነተኛ ነው። ካልመጣች እዚያው አስቀምጡት። ይህ ፈተና ለኦርጅናልም ያስፈልጋል። ታብ ኤ8 እና ታብ ኤ9 ኦርጅናል ሳምሰንግ ናቸው፣ ጥሩ ታብሌቶችም ናቸው፣ ግን ኤስ ፔን አይቀበሉም። ነጋዴው «ሳምሰንግ ነው፣ ብዕር ይሠራል» ሲል የመጀመሪያው እውነት፣ ሁለተኛው ግን ውሸት ሊሆን ይችላል።

ጥሩውን ታብሌት ብትገዙም ጥገናው አለ። ታብሌት መስታወት ነው። ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ የስልክ ስክሪን በየዓይነቱ ታገኛላችሁ፣ የታብሌት ግን ተፈልጎ ነው። የተገኘው ኮፒ ስክሪን ከሆነ ደግሞ ጣት ይቀበላል፣ ብዕር ላይቀበል ይችላል። ያኔ የተከፈለበት ዋና ምክንያት ጠፋ። ባትሪም አለ። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚያስተምር ታብሌት ባትሪው ሲያረጅ ሊያብጥና ስክሪኑን ከውስጥ ሊገፋ ይችላል።

ፓዱ ውስጥ ባትሪ የለም። መስታወትም የለም። ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው። የሚያረጁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የብዕሩ ጫፍ ነው። በአጠቃቀም ያልቃል፣ ብዙውን ጊዜ ትርፍ ጫፎች ካርቶኑ ውስጥ አሉ፣ ነቅሎ መተካት ነው። ሁለተኛው የገመዱ ማስገቢያ ነው። ገመዱ ሲንጠለጠል ይላላል፣ ከዚያ እጃችሁን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ይቋረጣል። ብዙዎቹ ርካሽ ፓዶች ላይ ያለው የድሮ አንድሮይድ ስልኮች ማስገቢያ ዓይነት ስለሆነ መገናኛም መርካቶም ያለ ሞባይል ጠጋኝ በሶልደር ይቀይረዋል። ገመዱን ፓዱ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ብታስሩት ደግሞ እዚያም አትደርሱም።

አንድ ነገር ግን ጠንቅቃችሁ ያዙ። ብዕሩ ከጠፋ ፓዱ የለም። የሁዮን ብዕር ዋኮም ላይ አይጽፍም፣ የአንድ ኩባንያ ብዕሮችም ቢሆኑ ሞዴል ይመርጣሉ። ያገለገለ ፓድ «ብዕሩ ብቻ ነው የጎደለው» ተብሎ ሲሸጥ በነጻም አትውሰዱት።

አይፓድን አልንቀውም። ለመጻፍ ከሁሉም ይጥማል። ችግሩ ከዋጋው ሌላ ብዕሮቹ ናቸው። የትኛው ብዕር ከየትኛው አይፓድ ጋር እንደሚሠራ ራሱ ጥናት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አሥረኛው ትውልድ አይፓድ የመጀመሪያውን የአፕል ብዕር ቻርጅ ለማድረግ መሸጋገሪያ ያስፈልገዋል፣ ሁለተኛውን ብዕር ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። ኮፒ ብዕሮች ሞልተዋል። ደህናዎቹ መዳፍን ይለያሉ፣ የግፊት ልዩነት ግን አይሰጡም። ለሒሳብ ይበቃሉ፣ ለቁም ጽሕፈት ግን መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ይሆናል። ውጭ አገር ላላችሁና ልጁ ቤት ውስጥ አይፓድ ላለው ግን ምክሬ ይለያል። ሌላ ዕቃ አትግዙ፣ ከሞዴሉ ጋር የሚሠራ ብዕር ብቻ ግዙለት።

ይህን የምለው ለሕፃናት ፓድ ስለማይመች ጭምር ነው። ፓድ ላይ እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅ የሚጽፍበትን ማየት አለበት። ለአዋቂ ግን ልምምድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ጽሑፋችሁ የሌላ ሰው ይመስላችኋል። ከሀ እስከ ፐ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፉ፣ እጃችሁ ቶሎ ይገራል። «ዐ» እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነባችሁ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። የፓዱና የስክሪኑ ቅርጽ ስለማይመጣጠን ነው፣ ከፓዱ ጋር በሚጫነው ሶፍትዌር ውስጥ ምጥጥኑን የሚያስተካክል ምርጫ አለ። ዊንዶውስ ላይ ብዕሩን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ክብ ምልክት እየመጣ ካስቸገራችሁ እሱም ከሴቲንግ ይጠፋል።

ትልቁን ፓድ አትግዙ። መጻፊያ ቦታዋ 15 በ9.5 ሴንቲሜትር የሆነችው ትንሿ ትበቃለች። ክንድ አታደክምም፣ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች።

ላፕቶፕ የሌላችሁ፣ ካርቶናቸው ላይ አንድሮይድ ይደግፋል የሚሉ ፓዶች አሉ፣ በኦቲጂ ገመድ ስልክ ላይ ይሰካሉ። ብዙዎቹ ግን ስልክ ላይ ሲሆኑ የሚጽፉት በጥቂቱ ክፍላቸው ነው። የታብሌቱን ገንዘብ ከማውጣት ፓድና ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ ቢሆን እመርጣለሁ።

ለሰሌዳ ሶፍትዌር ገንዘብ አትክፈሉ። ኦፕንቦርድና ዙርናል ፕላስ ፕላስ ነጻ ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ የጻፋችሁት እናንተው ማሽን ላይ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ላይ የነበረው የጎግል ሰሌዳ፣ ጃምቦርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ተዘግቷል፣ ትምህርቱን ሁሉ እዚያ ያከማቸ መምህር ገልብጦ መውጣት ነበረበት። ለመገናኛ ደግሞ ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ያስወጣችኋል። አንድ ተማሪ ብቻ ከሆነ ጎግል ሚት በነጻ የሰዓት ችግር የለበትም። ከሦስት ሰው ጀምሮ 60 ደቂቃ ነው። ለድምፅ ማይክ ያለው ባለገመድ የስልክ ኢርፎን ይበቃል።

ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሶፍትዌሩን ቀድማችሁ ቤት ጫኑት፣ ሱቅ ውስጥ ዳታ አትጨርሱ። አራቱም ማዕዘን ላይ «ዐ» ጻፉ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ቀስ ብላችሁ አንድ ሰያፍ መስመር አስምሩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ እየተንቀጠቀጠ ከመጣ ዕቃው ደካማ ነው። ብዕሩን አገላብጡት፣ የባትሪ ወይም የቻርጀር ቀዳዳ ካለው ሌላ ጠይቁ። ገመዱን ሰክታችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፣ ከተቋረጠ ይቀየርላችሁ። ነጋዴው ሰክታችሁ እንድትሞክሩ ካልፈቀደ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።