የአይዋ መከላከል፦ አጭሩን ሰጥቶ ረጅሙን የሚነፍግ

አሰልጣኝ ፊል ፓርከር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሚመራው መከላከል ዓይን የሚስብ አይደለም። አራት ሰው ከፊት፣ ሁለት ሴፍቲ (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) ከኋላ፤ በመጀመሪያው ሩብም በአራተኛውም ያው ነው። የኮሌጅ ፉትቦልን ኃይለኛ አጥቂዎች የሚያሰለቻቸውም ይኸው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ኮርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ላይ የሚሄዱት አራት ብቻ ናቸው፤ ብሊትዝ፣ ማለትም ተጨማሪ ሰው መላክ፣ ብርቅ ነው። ከቀሩት ሰባት ውስጥ ሁለቱ ኮርነሮች (የዳር ተከላካዮች) እና ሁለቱ ሴፍቲዎች የኋላውን ሜዳ ለአራት ይካፈሉታል። ሴፍቲው ዓይኑ ከዳር ሁለተኛ በቆመው ተቀባይ ላይ ነው፦ ቀጥ ብሎ ከገሰገሰ ይይዘዋል፤ በአጭሩ ከታጠፈ ትቶት ኮርነሩን ያግዛል። ቀጠና የሚጠብቅ ሰው ፊቱ ወደ ኮርተርባኩ ስለሆነ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ያያል። አይዋ በ2021 25 ኳስ ጠልፎ ከአገሪቱ አንደኛ የሆነው እንዲህ ነው። በ2017 ኦሃዮ ስቴትን 55 ለ 24 ሲረታም አራት ጠልፏል፤ ሦስቱን ጆሽ ጃክሰን ብቻውን።

ሒሳቡን እዩት። ከራሱ 25 ያርድ የሚነሳ ቡድን እስኪያስቆጥር 75 ያርድ ይጠብቀዋል። ረጅሙ ኳስ ከተዘጋበት ሰባት ጊዜ ያህል በተከታታይ አሥር አሥር ያርድ መቁረጥ አለበት። ከአሥር ስምንቱ የሚሳካለት ጎበዝ ቡድን እንኳ ሰባቱንም የማሳካት ዕድሉ 21 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ቅጣት ወይም ከእጅ ያመለጠች አንዲት ኳስ ጉዞውን ታበላሸዋለች።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ላይንባከሩ (ከፊተኞቹ አራት ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ) ከውስጥ ሮጦ እስኪደርስ ወደ ዳር የምትወረወር አጭር ኳስ ክፍት ናት። ሴፍቲው ኳስ ይዞ የሚሮጥን ማቆምም ሥራው ስለሆነ፣ ሩጫ መስሎ የሚጀመር ውርወራ ሁለት እርምጃ ከሳበው ከጀርባው ይከፈታል። አራቱ ካልገፉ ደግሞ ኮርተርባኩ ጊዜ ያገኛል፣ ቀጠናው ይላላል። በ2021 ፐርዱ አይዋን 24 ለ 7 ሲያሸንፍ ተቀባዩ ዴቪድ ቤል 11 ኳስ ተቀብሎ 240 ያርድ ወስዷል። የራስ አጥቂ ኳስ እያስረከበም አይሠራም፦ በ2022 አይዋ ስድስት ጊዜ አስረክቦ በኦሃዮ ስቴት 54 ለ 10 ተሸነፈ።

ብሊትዝ ሳያበዛ ኳስ የሚነጥቅ መከላከል ለሚፈልግ አሰልጣኝ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ትዕግሥት ለሌለው ግን አይሆንም። ልምምዱን ከአሰላለፍ ሳይሆን ተቀባዩን እዚያው ባለበት ከመጣል ጀምሩ፤ የአምስት ያርድ ኳስ ሃያ የምትሆነው እዚያ ላይ ሲሳት ነው።