የአዳማው ማተሚያ ቤት የሠራልኝ የኤግዚቢት ፖስታ

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝና ማስታወቂያ ያትማል። እኔ ያሠራሁት የኤግዚቢት (ከወንጀል ስፍራ የተነሳ ማስረጃ) ፖስታ ነው፤ ደም የነካው ልብስ፣ ፀጉር፣ የመስታወት ስባሪ የሚገባበት። ባለቤቱ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠራውም። ለፖሊስ ጣቢያ፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለሥልጠና እንዲህ ዓይነት ፖስታ የሚፈልግ ሰው ግን የትም ማተሚያ ቤት ሄዶ ምን ብሎ ማዘዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ያየሁትን ልጽፍ።

ቤቴ አዳማ ነው፤ የምሠራው አዲስ አበባ፣ የፖሊስ ወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ። ፖስታዎቹን ያሠራሁት እዚሁ አዳማ ለወጣት መርማሪዎች ለምሰጠው ሥልጠና ነው።

ስለ አንድ ፖስታ ይህን ያህል የምጨነቀው ፌስታል ያበላሸውን ስላየሁ ነው። ከአንድ ጣቢያ ደም የነካው ሸሚዝ ደረሰን። እርጥብ እንደሆነ ፌስታል ውስጥ ከተውት፣ አፉን ቋጥረው፣ በሙቀት ቀናት አቆይተውታል። ስንፈታው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ጨርቁ ሻግቷል። እርጥበት ሲታፈን ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፤ የሚያመነጩት ኢንዛይም ደግሞ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል። ለአንድ ምርመራ የሚያስፈልገን ወደ 1 ናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) ዲኤንኤ ነው፤ ይህም ከ150 ገደማ የሰው ሕዋሳት የሚገኝ መጠን ነው። ከዚያ ሁሉ ደም ግን ችሎት ፊት የሚቆም ውጤት አላገኘንም። የሟች እናት ውጤት እየጠበቁ ነበር። ሸሚዙ ደርቆ በወረቀት ቢታሸግ ኖሮ የምንነግራቸው ነገር ይኖረን ነበር። ወረቀት የቀረውን እርጥበት ቀስ በቀስ ያስወጣል፤ ፌስታል ያፍናል።

ባለቤቱ መጀመሪያ ያሳዩኝ ውስጡ ላስቲክ የተለበጠ፣ የሚያንጸባርቅ ወረቀት ነበር። «ይሄ ጠንካራ ነው ልጄ፣ አይቀደድብሽም፤ ዝናብም አያስገባም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዝናብ ካላስገባ እርጥበትም አያስወጣልኝም» አልኳቸው። ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከኋላ ገብተው ምንም ያልተለበጠበት በካሬ ሜትር 120 ግራም የሚመዝን ቡናማ ክራፍት ወረቀት ይዘው ወጡ። በየጽሕፈት መሣሪያው መደብር ከሚሸጠው ካኪ ፖስታ ወፈር ይላል፤ ጂንስ ሱሪ ታጥፎ ቢገባበትም አልተተረተረም።

የመጀመሪያውን ናሙና የፈተንኩት በጤፍ ነው። ፖስታው ውስጥ አንድ እፍኝ ጤፍ ጨምሬ፣ አፉን አሽጌ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ነቀነቅኩት። ከታች ከሁለቱም ማዕዘን ጤፍ ወረደ። ጤፍ የሚያወጣ ቀዳዳ የመስታወት ቅንጣትና የቀለም ፍርፋሪም ያወጣል፤ መኪና ገጭቶ በሸሸበት ጉዳይ ደግሞ ተጠርጣሪውን መኪና ከተጎጂው ጋር የሚያገናኘው አንዳንዴ ያ ፍርፋሪ ብቻ ነው። ባለቤቱ ቆመው ሲያዩ ነበር። ምንም ሳይሉ ናሙናውን ወሰዱና ታችኛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ዳር እስከ ዳር ኮላ ቀብተው መለሱልኝ። ያኛው አንዲት ፍሬ እንኳ አላወጣም። ይህን ቤት የወደድኩት በዚህ ነው፤ ስህተቱን ሳይከራከሩ አዩት፣ አስተካከሉት፣ ተጨማሪ ዋጋም አልጠየቁም።

የሚያጥፉት ልጆች ጓንትና ማስክ እንዲያደርጉ ስጠይቅ ግን ግራ ተጋቡ። የጀርመኑን ታሪክ ነገርኳቸው። እዚያ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ጭምር፣ ወደ 40 በሚጠጉ የወንጀል ስፍራዎች የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ይገኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ናሙና በአውሮፓ አቆጣጠር የ1993 ነው። ፖሊስ ይህችን ሴት ለዓመታት አሳደዳት። በ2009 ከአንድ ወንድ የጣት አሻራ ወረቀት ላይ ያው የሴት ዲኤንኤ ሲወጣ ነገሩ ተገለጠ፤ ዲኤንኤው ናሙና መውሰጃውን የጥጥ ስዋብ በሚያዘጋጀው ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ነበር። ስዋቡ ከጀርም ነፃ ነበር፤ ጀርም መግደልና ዲኤንኤ ማጥፋት ግን የተለያዩ ናቸው። በ2016 አይኤስኦ 18385 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የወጣው እንዲህ ያለውን ብክለት ለመከላከል ነው። ታሪኩን ሲሰሙ ከልጆቹ አንዷ «ታዲያ እኛንም ሊያስሩን ነው?» ብላ ደነገጠች። ሥራውን እስክትጨርስ ጓንቷን አላወለቀችም።

ይህ ሲባል የማተሚያ ቤቱ ፖስታ ያንን መስፈርት ያሟላል ማለቴ አይደለም። ለልብስና ለደረቅ ዕቃ ማሸጊያ ይሆናል። ስዋብ ግን ማረጋገጫ ካለው አቅራቢ ብቻ ይገዛ፤ በዚህ ላይ ቁጠባ አይታሰብ።

ፖስታው ላይ የሚታተመውን ቅጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አሠርቻለሁ። የሁለቱም ፊደል ጥርት ብሎ ወጥቷል። የመዝገብ ቁጥር፣ ዕቃው የተገኘበት ቦታ፣ ያነሳው ሰው፣ ያስረከበና የተረከበ እስከነፊርማቸው ተካተዋል። ሰዓት በሚለው ላይ ደግሞ ጽሑፉን የሚለቅመው ወጣት አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ። «3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ የጠዋት ይሁን የማታ፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አይታወቅም፤ እሱ ምልክት የሚደረግባቸው ትናንሽ ሳጥኖች አስገባበት። በዚህ ጉዳይ ጠበቃና ዐቃቤ ሕግ ሲከራከሩ ሰምቻለሁና ሳጥኖቹን ሳይ ደስ አለኝ።

ቅር ያሉኝ ነገሮች አሉ። የአፉ ከንፈር አጭር ነው፤ ፕላስተር ለጥፎ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ለመፈረም ቦታው ይጠባል። ፊርማው እንዲህ ካላረፈ ፖስታው መከፈት አለመከፈቱ አይለይም። የሚቀጥለው ዙር ሦስት ጣት ያህል እንዲረዝም ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞም አንዱን እሽግ በስቴፕለር መትተው አመጡልኝ። ሽቦ ወረቀት ይበሳል፤ የመርማሪንም ጓንት ይቀድዳል፤ ደም ባለበት ዕቃ ላይ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። ያን እሽግ መለስኩ፤ ተቀበሉኝ። ሥራውም መብራት እየጠፋ ከተቀጠረበት ቀን አልፏል፤ ለሥልጠና የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይዘዝ።

ፖስታውን ለሚጠቀሙ መርማሪዎች፦ ልብሱ መጀመሪያ ይድረቅ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከሥሩ ንጹሕ ወረቀት ተነጥፎ። በረንዳ ላይ አይሰጣ። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ዳር የተተከሉትን ተርባይኖች የሚያዞር ንፋስ ፀጉርና ክር ከልብስ ላይ ለመውሰድ አይቸገርም፤ ፀሐይ ደግሞ ዲኤንኤ ይጎዳል። አየር የሚያገኝ ዝግ ክፍል ፈልጉ። የተጠረጠረ ሰነድ የምታሽጉ ከሆነ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ፖስታው ላይ ጻፉ፤ በላዩ ላይ ከጻፋችሁ የእስክሪብቶው ጫና ሰነዱ ላይ አዲስ ዱካ ይተዋል። ከቃጠሎ ቦታ የተነሳ አመድ ወይም ቤንዚን የተጠረጠረበት ጨርቅ ግን እዚህ ፖስታ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ትነቱ ወረቀቱን አልፎ ይጠፋል፤ ተራ ፌስታልም አይዘውም። ለዚያ ጥቅም ላይ ያልዋለ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የቀለም ቆርቆሮ ይሻላል።

ትልቁን 25 ብር፣ ትንሹን 12 ብር ሠሩልኝ። ከ100 በታች አይቀበሉም፤ ግማሹን በቀብድ ይወስዳሉ። ስታዝዙ «ላስቲክ የሌለው፣ ታቹ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ከንፈሩ የረዘመ፣ ስቴፕለር ያልነካው» በሉ፤ ስትረከቡም አንድ እፍኝ ጤፍ ይዛችሁ ሂዱ።