ጨው፦ በአንዴ መተው ወይስ ቀስ በቀስ መቀነስ?

ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ የሚገባበት ጣጣ ነው።

የጨው ልማድ የምላስ ብቻ አይደለም፤ አንጎልም አለበት። የምላስ መልእክት መጀመሪያ የሚያርፈው የአንጎል ግንድ፣ ማለትም የአንጎል የታችኛው ክፍል ላይ ነው። ግንዱ ግን ብቻውን አይወስንም። የላይኛው አንጎል ክፍሎች የሆኑት የጣዕም ኮርቴክስ፣ አሚግዳላና ሃይፖታላመስ ከላይ ምልክት እየላኩ መልእክቱን ያጎሉታል ወይም ያደበዝዙታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ጥናት፣ ግንዳቸው ከላይኛው አንጎል የተቆረጠ አይጦች ያሳመማቸውን ጣዕም መሸሽ አልተማሩም። ለመማር የላይኛው ክፍል ያስፈልጋል ማለት ነው።

በአንዴ መተው፦ ለግፊቱ ቶሎ ይደርስለታል። ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ሐረር ላይ ጨው የለመደ ሰው፣ ሆጃው (በጨው የሚጠጣው ትኩስ መጠጥ) ውሃ ውሃ ይለዋል። ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው፤ ያሳዝናል።

ቀስ በቀስ፦ በየሳምንቱ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ መቀነስ። ለውጡ ብዙም አይታወቅም፤ ሁለት ሦስት ወር ግን ይፈልጋል። መሃል ላይ መዘናጋትም አለ።

ሐኪም ጠበቅ አድርጎ ካዘዘ የመጀመሪያው ይሻላል። ከአንድ ድስት ለሚበላ ቤተሰብ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በድሬዳዋ ፀሐይ ሸክም ተሸክሞ ላቡ ሲወርድ የሚውል ሰው፣ የቱንም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።