የአመክሮ መቃወሚያ ያጻፍንበት የማመልከቻ ቤት፣ ጎንደር

ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ከሚጽፉ ቤቶች በአንዱ ያገኘነውን አገልግሎት የምጽፈው፣ እንደ እኛ ልብ የሚያደማ ጉዳይ የገጠመው ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። የጎረቤታችንን ልጅ ገድሎ የተፈረደበት ሰው በአመክሮ፣ ማለትም የቅጣት ጊዜው ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ፣ ሊፈታ ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው ሰላማዊ ሰልፍ ሊወጣ ተነሣ፤ እኛም ከሟች እናት ጋር የመቃወሚያ አቤቱታና የሰልፉን ማሳወቂያ ልናጻፍ ሄድን።

ጸሐፊው ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ ገልጠው አንቀጽ 202ን አነበቡልን፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ፍርደኛ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል፣ የሚፈቅደው ግን ፍርድ ቤት መሆኑን፣ ለዚህም ፍርደኛው ጠባዩን ማሻሻሉን ማሳየትና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካስ እንዳለበት አስረዱን። «ካሳ ተከፍሏል?» ብለው ሲጠይቁ እናትየው «እንኳን ካሳ፣ ሽማግሌም አልተላከልኝ» አሉ። ጸሐፊው እኛ ይዘን የሄድነውን «ነፍሰ ገዳይ በምንም መንገድ አይፈታ» የሚለውን መስመር ሰርዘው፣ ካሳ አለመከፈሉን፣ ደም አድራቂ (አስታራቂ) ሽማግሌ አለመግባቱን የሚገልጽና ቤተሰቡ ሳይሰማ ውሳኔ እንዳይሰጥ የሚጠይቅ አቤቱታ ጻፉ። ደም ሳይደርቅ ገዳይ ወደ መንደሩ ቢመለስ ምን ሊከተል እንደሚችል ለጎንደር ሰው አይነገርም፤ ስለዚህ ቁጣችንን ዳኛ ሊመዝነው ወደሚችል ነገር መለወጣቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከከፈልነው ገንዘብ እጅግ ይበልጣል።

የሰልፉን ማሳወቂያም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት መግባት እንዳለበት ነግረውን፣ ዓላማውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ለይተው በአጭሩ ጻፉልን።

ጉድለት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የኮምፒውተር ጽሑፉና የፎቶ ኮፒው ሂሳብ ለብቻው እንደሚታሰብ ቀድሞ አልተነገረንም፤ ለድሃ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። የፊርማ ማሰባሰቢያው ቅጽም የቀበሌና የስልክ ቁጥር መሙያ ስላልነበረው፣ ፈርመው የነበሩትን ጎረቤቶች ቤት ለቤት እየዞርን እንደገና ማስፈረም ግድ ሆነብን።

አቤቱታ ለማጻፍ ለሚፈልግ ሰው ቤቱን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ሙሉ ዋጋውን ግን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የፍርዱን ግልባጭም ይዞ ይሂድ። ጸሐፊው ራሳቸው እንደ ነገሩን ችሎት ቀርበው መከራከር ስለማይችሉ፣ ለዚያ ጠበቃ ያስፈልጋል።