ስምንት ወር ከአንድ ለ35 ታንክ ጋር፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሞዴል መሥራት የጀመረ ሰው ልምድ

ጥቅምት ላይ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ታንክ የያዘው ሳጥን ሲደርሰኝ እቴቴ ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል አየችና፣ "ደሞ ታንክ? ያየነው አነሰና ነው በሻንጣ የምታስመጣው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጓዛቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው በር ላይ ካስቀመጡት ሰዎች መካከል እኛም ነበርን። ሳጥኑን አልጋ ሥር ገፋ አድርጌ ሁለት ሳምንት ሳልከፍተው ቆየሁ።

አሁን ሰኔ ነው። ታንኩ ተገጣጥሞ፣ ተቀብቶ፣ ቀለሙ አንዴ ተልጦ፣ እንደገና ተቀብቶ ቡፌው ላይ ቆሟል። የምጽፈው ስለ ሳጥኑ ብቻ አይደለም፤ አብሮት ስለመጣውና እዚሁ ገበያ ስላሟላሁት ዕቃም ጭምር ነው። ልጀምር የሚል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሳጥኑ ነው፤ ገንዘቡንም ልቡንም የሚበላው ግን ከሳጥኑ ውጭ ያለው ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም። አንድ ሞዴል ብቻ ሠርቼ የድርጅት ስም ማንሳትም መጣልም አልፈልግም።

ሞዴሉ ቲ-55 የሚባለው የሶቪየት ታንክ ነው፣ ልኩ አንድ ለ35፤ ርዝመቱ የእውነተኛው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው ማለት ነው። እውነተኛው ታንክ መድፉን ወደ ፊት አድርጎ ሲቆም 9 ሜትር ያህል ስለሚረዝም የእኔው 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማሪ ማስመሪያ ትንሽ ያጥራል። ለምን 35 ሆነ ላላችሁኝ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክ በፕላስቲክ ሲሠራ፣ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ እንዲገባለት አስቦ ነበር ስፋቱን የወሰነው። በኋላ ሲሰላ አንድ ለ35 ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሞባይል ጠጋኝ ነኝና ባትሪ የወሰነው ልክ መሆኑን ስሰማ ወዲያው ተስማማኝ።

ሥራዬ በብዙ ነገር ረድቶኛል። ማጉያ መነጽሩ፣ መብራቱ፣ ሹል ወረንጦውና አይሶፕሮፒል አልኮሉ ሱቄ ውስጥ ነበሩ። ከሳጥኑ ጋር ካስመጣሁት ውስጥ ደግሞ ዋጋዋን የመለሰችው ትንሿ መቁረጫ ፒንሳ ናት። ክፍሎቹ እንደ ወይን ዘለላ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተንጠልጥለው ይመጣሉ፤ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ ስትቆርጧቸው ፕላስቲኩ ይጨፈለቅና ቁስሉ ይነጣል። የሞዴል መቁረጫ አንድ ጎኗ ልሙጥ ስለሆነ ሳትጨፈልቅ ትቆርጣለች። መጀመሪያ ራቅ አድርጎ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ጠጋ ብሎ መድገም፣ የቀረውን በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ነው። ስምንት ወር ሠርታልኛለች፤ አንድ ቀን ሰንፌ የመዳብ ሽቦ ቆረጥኩባትና ስለቷ ላይ ትንሽ ጥርስ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ከመኪና ቀለም ቀቢዎች ነው የገዛሁት፤ 400፣ 800 እና 1000 ቁጥር ይበቃል። ውሃ እየነከሩ መፈግፈግ ይሻላል፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ አይገባም።

ማጣበቂያው ነው ያስለቀሰኝ። የሞዴል ማጣበቂያ እንደ ኮላ አይደለም፤ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ያደርጋቸዋል፣ እንደ ብየዳ ማለት ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም፤ ሳጥኑ ያለ እሱ መጣ። የእህቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሞከርኩ። አሴቶን ፕላስቲኩን ያሟሟል፣ እውነት ነው፤ ከመጠን በላይ ነው የሚያሟሟው እንጂ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ቀብቼ ሌላውን ክፍል አንስቼ እስካገጥም ድረስ ይተናል። ቸኩዬ ብዙ አፈሰስኩና የታንኩ ጭንቅላት፣ መድፉን የያዘው የሚዞረው ክፍል፣ ቀኝ ጎን ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ታተመ። መታወቂያ ላይ እንደሚደረገው፣ መስመሩ ሁሉ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ዘዴ፣ የተረፈውን የፍሬም ቁራጭ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ጨምሮ እስኪሟሟ ማቆየት ነው። ወፍራም ይሆናል፣ አይፈስም፣ ክፍተትም ይሞላል። ሽቶና ቅባት ያለበት ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ንጹሑን መፈለግ ያስፈልጋል። ጥር ላይ አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ካለው ማጣበቂያ ግማሽ ብልቃጥ አካፈለኝና ልዩነቱን አየሁት። ብዙዎቹ ቀጭን ማጣበቂያዎች አሴቶንን ከቡቲል አሲቴት ጋር ቀላቅለው ነው የሚሠሩት፤ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ስለሚተን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ሱፐር ግሉ በየሱቁ አለ፣ ለጥቃቅን ነገር ይሆናል፤ ግን ደርቆ ይሰበራል። መስኮት መክፈት ግዴታ ነው። የታኅሣሥ ማታ ደብረ ብርሃን ላይ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ብርድ ልብስ ለብሼ ነው የገጣጠምኩት።

ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው፣ ጣት የሚያህሉ 16 ብልቃጦች። ሐቁን ልንገራችሁ፤ የነካሁት ስድስቱን ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ የአቧራ ቀለምና ብርማ ይበቃሉ፤ የቀረው መደርደሪያ ያሳምራል። ከስድስቱም አንዱን ውርጭ ወሰደብኝ። ኅዳር ላይ ሱቄ መስኮት ሥር አሳድሬው ጠዋት ስከፍተው እንደ ረጋ ወተት ተቆራርጧል፤ ብወዘውዘውም አልተመለሰም። በውሃ የሚሠራ ቀለም አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ እንደማይመለስ የተማርኩት ያን ቀን ነው። አሁን ሳጥኑ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ቤት ይገባል።

የመጀመሪያው ቅብ አሳፋሪ ነበር። ቀለሙን ከብልቃጡ እንዳለ በብሩሽ ለጠፍኩት፤ ብሎኖቹ ጠፉ፣ የብሩሹ መንገድ እንደ እርሻ ትልም ቀረ። አንድ ሌሊት አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ነክሬ በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍገው ቀለሙ ለቀቀ፣ ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም። ጀማሪ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ግማሹ ፍርሃት ይቀንስለታል። ሁለተኛውን ከወተት ቀጠን፣ ከአጓት ወፈር አድርጌ አራት ጊዜ ስስ ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ በየመሃሉ እያደረቅኩ። አረንጓዴው ላይ ትንሽ ነጭ ጨመርኩበት፤ ትንሽ ዕቃ ላይ የተቀባ ቀለም ከእውነተኛው ይልቅ የጠቆረ ሆኖ ነው ለዓይን የሚታየው።

በመሃል ባለ ባትሪ ትንሽ የቀለም መርጫ አስመጥቼ ነበር፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል ብዬ። ለአራት ወር ሠራ፣ ከዚያ ሞተ። ፈትቼ ባትሪውን በሌላ ቀየርኩትና ተነሣ፤ ሞባይል ጠጋኝ ያልሆነ ሰው ግን ይጥለው ነበር። ግፊቱም ይንቀጠቀጣል። ትልቁ ችግር ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ እየደረቀ መዝጋቱ ነው፤ በዚህ ደረቅ አየር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። መድኃኒቱ ከቤት ተገኘ። ለእጃችን መሰነጣጠቅ የምንቀባው ግሊሰሪን አንድ ጠብታ ቀለሙ ውስጥ ሲገባ መድረቁን ያዘገየዋል። ሁለት ጠብታ ካደረጋችሁ ለቀናት እጅ ላይ ይጣበቃል፣ እኔ አይቼዋለሁ። በአጠቃላይ መርጫውን ለጀማሪ አልመክርም። በሁለት ጥሩ ብሩሽ መጀመር ይሻላል።

መጋቢት ላይ ታንኩ እንዳለቀ አምኜ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በደርግ ጊዜ ታንከኛ የነበሩ ጋሼ አሉ፤ ስልካቸውን ሊያሠሩ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አዩት። መነጽራቸውን አወጡና፣

"አንተ፣ ይሄ ሠርግ ሊሄድ ነው?" አሉኝ።

"ምነው ጋሼ?"

"ንጹሕ ነዋ!"

ቀለሙ ልክ መሆኑን ብጠይቃቸው፣ "ቀለም? የእኛ ቀለም አቧራ ነበር" አሉ። ጎኑን አዙረው እግሮቹን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ትልልቅ ጎማዎች፣ ቆጠሩ። አምስት እግር፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት፤ ቲ-55 በዚህ ይታወቃል፣ ቲ-62 ላይ ሰፊው ክፍተት ወደ ኋላ ነው። ይህን አለፍኩ። ሰንሰለቱ ላይ ወደቅኩ። ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ሰንሰለት እንደ ጎማ የሚለመጥ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ቀበቶ ተወጥሮ ይቀመጣል። እውነተኛው ግን ከላይ የሚደግፈው ትንሽ ጎማ ስለሌለው ይረግብና እግሮቹ ላይ ይተኛል። "ይሄ በአንድ መታጠፊያ ይበጠሳል" አሉኝ። ሌላም አሳዩኝ፤ መሬት የሚነካው የሰንሰለቱ ፊት በድንጋይ ተፈግፍጎ እንደ ማረሻ ያበራል እንጂ አይዝግም። እኔ ሁሉንም ዝገት ቀብቼው ነበር።

የአሻራዬን ጉድ የሸፈንኩበትን ሸራም አልማሩኝም። ሶፍት በቪናቪል ነክሬ፣ ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ ነው የሠራሁት፤ በእሱ እኮራ ነበር። "እኛ ከኋላ ነበር የምናስረው" አሉና ዝም አሉ። ቀጥሎ የግራውን የፊት መስኮት፣ የሹፌሩን መግቢያ፣ በጣታቸው ጥፍር ነካ አደረጉት። "እዚህ ነበርኩ።" ስልካቸውን ጨርሼ ስሰጣቸውም ገና እያዩት ነበር። እቴቴ ቡና ይዛ መጥታ ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ሆና ሰማች።

ከሳቸው በኋላ ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። የላይኛውን ሰንሰለት በክር ወደ ታች ስቤ ከእግሮቹ ጋር በሱፐር ግሉ ያዝኩት፤ የሞዴል ማጣበቂያ እንዲህ ያለውን ጎማ መሰል ነገር አያሟሟውም። የሚያበራውን ፊት በእርሳስ ሹል አሸሁት፣ ልክ ብረት መሰለ። ለአቧራው የሚሸጥ ዱቄት አለ፤ አያስፈልግም። የከተማችንን ጥቁር አፈር አድርቄ፣ ወቅጬ፣ በአሮጌ ነጠላ ነፋሁት። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ልጅ ደግሞ ገርጣ ያለውን የቆላውን አቧራ በላስቲክ አመጣልኝ። ጥቁሩ በውሃ በቀጠነ ቪናቪል ተለውሶ ሰንሰለቱ መሃል ጭቃ ሆነ፤ የቆላው ደርቆ እንዳለ በብሩሽ ተነሰነሰበት። ከመነስነሱ በፊት የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ መቀባት ያስፈልጋል፤ አንጸባራቂ ላይ አቧራ አይዝም። ከሁሉም ደስ ያለኝ ሥራ ይህ ነው፣ ያወጣሁበትም ዜሮ ብር።

ስለ ሳጥኑ ራሱ የቀረኝ ትንሽ ነው። ትልልቆቹ ክፍሎች በደንብ ይገጥማሉ፤ የመመሪያው ሥዕል ግልጽ ነው፣ ማንበብ አይጠይቅም። በውሃ የሚለቁት የቁጥር ተለጣፊዎች ግን ደርቀው ነበር መሰለኝ ሁለቱ እጄ ላይ ተፈረካከሱ፤ ቁጥሩን በእጄ ጻፍኩት፣ 5ቱ ትንሽ ጎብጧል። ለመጀመሪያ ሥራ ቲ-55 መምረጤ አልቆጨኝም። እግሮቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጭንቅላቱ ድብልብል ነው፣ ስህተት በጭቃ ይሸፈናል።

ቀጣዩን መርጫለሁ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞብን የመጣው ሲቪ-35 የሚሉት ትንሹ ታንክ ነው፤ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚዞር ጭንቅላት የሌለው፣ በዚህ ልክ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን። ታኅሣሥ ላይ በሽሬ በኩል ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች ቀርበው፣ ላዩ ላይ ወጥተው ያሸነፉት እሱን ነው፤ መትረየሱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አይዞርምና። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የባዶሊዮ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ያለፈው በጣርማ በር ነው፣ መንገዱ ተቆርጦ ሲጠግኑ ቆይተው። ደብረ ሲና በወረድኩ ቁጥር የማልፍበት መንገድ ስለሆነ የሚቆምበትን መሬት ከዚያው አመጣለታለሁ። ችንካሮቹ ግን ጥቃቅን ናቸው፤ በአሴቶንና በአውራ ጣት የሚሠራ አይደለም። ማጣበቂያውን በየብስ የሚያመጣልኝ ሰው እየፈለግኩ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሱቅ ስመለስ ታንኩ ቡፌው ላይ ቦታውን ቀይሮ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እቴቴ አቧራ እንዳይበላው ብላ የዳንቴል ጨርቅ አልብሳዋለች፤ መድፉ ብቻ በዳንቴሉ ቀዳዳ ወጥቶ ይታያል።

"አቧራውማ እኔ ነኝ የጨመርኩበት" አልኳት።

"እሱን ተወው፣ ያ ያንተ ነው፤ የቤቱን አቧራ ነው የምለው" አለችኝ።