ለላላ ቆዳ የቱ ይሻላል? ክሬም፣ ማሽን፣ ቦዲ ሼፐር ወይስ ቀዶ ሕክምና

ብዙ ኪሎ ከቀነስኩ ወዲህ የጓደኞቼ ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «እንዴት ቀነስሽ?» ነበር። አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቆዳውንስ ምን አደረግሽው?» ይሉኛል። ከዚያ የሆነ ክሬም ወይም ማሽን ፎቶ ይልኩልኛል። «ይሠራል ወይ?» ነው ነገሩ።

አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር። ክሬሙ ይቅርባችሁ። የቤት ውስጥ ማሽኑም ይቅር። ደህና ቦዲ ሼፐር፣ ማለትም ገላን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ፣ ግዙ። ቆዳው በደንብ የተንጠለጠለ ከሆነ ቀሪውን ገንዘብ ለቀዶ ሕክምና አጠራቅሙ።

ከሁሉም በፊት ግን ነፃ የሆነው ነገር አለ፤ መጠበቅ። ክብደት ከቆመ በኋላ ቆዳ ለወራት፣ አንዳንዴም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በራሱ ትንሽ ትንሽ ሊሰበሰብ ይችላል። ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ፣ ውፍረቱም ብዙ ዓመት ካልቆየባችሁ፣ ካላጨሳችሁም ዕድላችሁ ይሰፋል። «ስድስት ወር ሳታቋርጡ ተቀቡ» የሚለው ክሬም ምስጋናውን የሚሰበስበው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ቆዳው በራሱ የሠራውን ክሬሙ ሠራሁት ይላል።

እስቲ የክሬሙን ዋጋ እናስላ። ሰው የሚያየው የአንዱን ቲዩብ ዋጋ ብቻ ነው። የቆዳ ሐኪሞች ቅባት በጣት ጫፍ ይለካሉ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ደረትና ሆድን ለመሸፈን ሰባት እንዲህ ያለ ልክ ይፈልጋል፤ ለአንድ እጅ ደግሞ ሦስት። ሆድ፣ ደረትና ሁለት እጅ ሲደመር 6.5 ግራም ይሆናል። ጠዋትና ማታ ከሆነ በቀን 13 ግራም። 200 ግራም የሚይዘው ቲዩብ በ15 ቀን ያልቃል ማለት ነው። በዓመት 24 ቲዩብ! አሁን የአንዱን ዋጋ በ24 አባዙት። ጭን ገና አልተቀባም።

«ግን እኮ ኮላጅን አለው» ትሉኛላችሁ፤ ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን ማለታችሁ ነው። ይኑረው። ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በላይ የሚመዝን ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን አልፎ ለመግባት በጣም ይቸገራል። ኮላጅን 300,000 ገደማ ይመዝናል። ላይ ላዩን ቆዳን ያለሰልሳል፣ ያወዛል፤ ከዚያ አያልፍም። ቆዳን እንደ ላስቲክ የሚመልሰው ኤላስቲን ደግሞ ለዓመታት ተወጥሮ አንዴ ከተበጣጠሰ ሰውነት በቀላሉ አይተካውም። ማለስለሻ ከፈለጋችሁ ተራው ቫዝሊን በቂ ነው።

የክሬም ፎርጅድ ከሁሉም ያስፈራኛል። አምራቹና ይዘቱ በቅጡ ያልተጻፈበት «ተአምረኛ» ቅባት ውስጥ ያልተገለጸ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ መጀመሪያ ላይ ቆዳን ያሳምራል። ማሳከኩ ይጠፋል፣ መቅላቱ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረርም ያወጣል። ቆዳ ለማጥበቅ ከፍላችሁ ቆዳ ስታሳሱ አስቡት። ከክሬሞች ውስጥ የማከብረው ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነውን ትሬቲኖይንን ነው። እሱም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ፣ ለፊት ቀጫጭን መስመሮች፣ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ በፍጹም። የተንጠለጠለ ሆድ አያነሳም።

ማሽኑ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሁለት ነው። ክሊኒክ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ማሽን የቆዳን የውስጥ ሽፋን ያሞቃል። ኮላጅኑ ይኮማተራል፣ ሲያገግምም አዲስ ይሠራል። ትንሽ ለላላ አገጭ ወይም ከወሊድ በኋላ በጥቂቱ ለላላ ሆድ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። በእጃችሁ ጨብጣችሁ የምታነሱት ቆዳ ካላችሁ ግን ሙቀት አይቆርጠውም። ዋጋውም ለአንድ ጊዜ ተብሎ ይነገራችኋል፤ ሕክምናው ግን በተከታታይ የሚሰጥ ነው። ውጤቱን ለማቆየት ደግሞ እንደገና መመለስ አለ። ስለዚህ «ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «እስከ መጨረሻው ስንት ነው? በዓመቱስ?» በሉ።

የቤት ውስጡ ኃይሉ ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው፤ ማንም እንዳይቃጠል። ጄሉን በየጊዜው ትገዛላችሁ። ባትሪው ውስጡ የታሸገ ነው። ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ሲላላ ዕቃው አለቀለት፤ መለዋወጫ የለውም፣ ጠጋኙም ከፍቶ ሲያየው ራሱን ይነቀንቃል። ብዙዎቹ ኮፒዎች ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ሞተርና ቀይ መብራት ብቻ ናቸው። መብራት ስላበራ ሠራ ማለት አይደለም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰውማ ትክክለኛውንም አይነካም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ቦዲ ሼፐር ቆዳ አያጠብም። ይህን ተማመኑ። ማታ ስታወልቁት ቆዳው እዚያው ነው። ግን ስትሮጡ የሚመታውን፣ ጭን ከጭን የሚፋተገውን፣ ልብስ ሥር የሚጠቀለለውን ዛሬውኑ ያቆማል። ዋጋው በተለበሰበት ቀን ሲካፈል ከአራቱ እንደሱ ርካሽ የለም።

ስትገዙ ገልብጡት። ውስጡን እዩት። ስፌቱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ጎብጦ ይቆረቁራል? የላይኛው ጠርዝ ላይ ገላን የሚይዝ የሲሊኮን መስመር ከሌለው ስትቀመጡ ወደ ታች ይጠቀለላል። ጨርቁን በሁለት እጅ ወጥሩና ወደ ብርሃን ያዙት። ቀጫጭን ነጭ ክሮች ብቅ ካሉ ላስቲኩ ተበጥሷል፣ ወይም ሊበጠስ ነው። ስትለቁት ወዲያው ይሰብሰብ፤ እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ በጥቂት እጥበት ያልቃል። አንዷ ጓደኛዬ በግማሽ ዋጋ ያገኘችው ኮፒ ከሁለተኛው እጥበት በኋላ ወገቡ ላይ እንደ ተራ ቀሚስ ሰፍቶ ቀረ። ኦሪጅናሉን ኋላ ገዛችው፤ አንድ ተኩል ከፈለች ማለት ነው።

መንጠቆው ቢነቀል አይጨንቃችሁ፣ ልብስ ሰፊ መደዳውን በሙሉ ይቀይረዋል። ዚፕም ይቀየራል። ላስቲኩ ከሞተ ግን አይጠገንም። የሚገድለው ደግሞ ሙቀት፣ ክሎሪንና የልብስ ማለስለሻ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አስጡት። ሁለት ግዙና አፈራርቁ።

ልኩ የዛሬው ልካችሁ ይሁን። «ትንሽ ቢጠብ ይቀንስልኛል» የሚለው ሐሳብ ቃር ያመጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጭንን ያደነዝዛል። ብረት የተሰፋበትን ወገብ ማቅጠኛ ከነጭራሹ እርሱት። ከቆዳው እጥፋት ሥር ላብ ካለ መጀመሪያ አድርቁ። እየቀላ ከሸተተ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው፤ ላዩ ላይ ሼፐር አታጥብቁበት።

ቀዶ ሕክምናው በአንዴ ብዙ ያስከፍላል፤ ተንጠልጣይ ቆዳን በእርግጥ የሚያስወግደው ግን እሱ ብቻ ነው። የሆድ ቀዶ ሕክምናም ሁለት ዓይነት ነው፣ ዋጋው ላይ ግራ እንዳትጋቡ። አንደኛው እንደ ሽርጥ ወደ ታች የወረደውን ቆዳ ብቻ ያነሳል። ሁለተኛው የሆድ ጡንቻንም ሰፍቶ ያጠብቃል፣ እምብርትንም ያስተካክላል። የመጀመሪያው በሐኪም የተመዘገበ ተደጋጋሚ ቁስለት ካለ በአንዳንድ ኢንሹራንስ ሊሸፈን ይችላል። ሁለተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳችሁ ነው።

ክብደታችሁ ቢያንስ ለሦስት እስከ ስድስት ወር ሳይወጣ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ቀድማችሁ ከገባችሁና ሌላ አሥር ኪሎ ከቀነሳችሁ ቆዳው እንደገና ይላላል፤ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሏችኋል ይሄ ነው። የሚያጨስ ሰው ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ያቁም፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ የቁስሉ ጠርዝ ሊሞት ይችላል። ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው፣ አይጠፋም። ፓንት ሥር ይደበቃል። የክንድ ጠባሳ ግን አይደበቅም፤ ለዚህ ነው ክንዳችሁን ለመጨረሻ አቆዩት የምላችሁ፣ ክብደት ማንሳትም ትንሽ ይሞላዋል።

ዋጋ ሲነገራችሁ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ማደንዘዣው፣ አልጋው፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ የፈሳሽ ማውጫ ቱቦውና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚለበሰው መጠበቂያ ልብስ ውስጡ አለ? ከቆዳ ሥር ውኃ ቢቋጠር ማስቀዳቱ ይከፈልበታል? ጠባሳው ቢጣመምና ማስተካከያ ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል? ከባድ ነገር ሳታነሱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለምትቆዩ፣ ከሥራ የምትቀሩበትንም ደመወዝ እዚያው ወረቀት ላይ ደምሩት።